ለሐጂ የመረጥኩት ቴሌቪዥን

ኮሚሽን ተቀብያለሁ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ ጦርነቱም ካወራሁ በኋላ ባመጣው ከእነዚያ ሥር ገብቶ ትንሽ ስለሚመስል ነው። አንድ ዓመት ያህል እንዲያ ተሸፍኖልኝ ኖሯል። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ ቴሌቪዥን ምረጥልኝ ብለው አመኑኝ። እኔ ከሻጩ ገንዘብ ተቀበልኩና ለእሳቸው የማይሆነውን መረጥኩላቸው። አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር፤ እውነትም በዚያ ዕለት ብዙ አልዋሸሁም። መዋሸት ያላስፈለገኝ ግን ስላመኑኝ ነው። ውሸቱ የመጣው በኋላ ነው።

ለንስሐ አባቴ የነገርኩት አለ፤ እሱ እዚያው ይቆይ። እዚህ የምጽፈው ለእናንተ ለምታነቡት ነው። ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። ይቅርታ ልትሰጠኝም ልትከለክለኝም የምትችለው ሌላ ሰው ናት፤ ወደ እሷ እደርሳለሁ።

መርሳ ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። መርሳ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ለሚመጣ ሰው ወልዲያ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ያገኛታል፤ መንገደኛ የሚያውቃት በብርቱካኗና በማንጎዋ ነው። ለትንሽ እቃ እዚሁ ይበቃል። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን ወይም ላፕቶፕ ሲሆን ግን ሰው ወልዲያ ይሄዳል፤ ሲሄድም «እሱ ያውቃል» ብሎ እኔን ይዞ ይሄዳል። ትራንስፖርቴን ይችላል፣ ምሳ ይጋብዘኛል፣ አንዳንዱም ለድካምህ ብሎ ጥቂት ብር ይጨምርልኛል። በሱቁ በኩል ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ገዢው እቃውን አስጭኖ ከሄደ በኋላ ባለሱቁ በቴሌብር የሆነ ገንዘብ ይልክልኛል። ማንም አይጠይቅም፤ እኔም አልናገርም። ደላላ ኮሚሽን ቢቀበል ደላላነቱ ታውቆ ነው፤ ሁለቱም ወገን ያውቁታል፣ በልክ አድርግ ብለው ይከራከሩታል። እኔ ግን የምሄደው እንደ ደላላ ሳይሆን እንደ ሰፈር ልጅ ነው። የገዢው ጠበቃ ሆኜ ገብቼ የሻጩን ደመወዝ ይዤ እወጣለሁ። ብዙዎቻችን እንዲህ እናደርጋለን፤ ብዙ መሆናችን ነውሩን እንዳላየው ረድቶኛል።

እኚያ አዛውንት ጎረቤቴ ሐጂ ናቸው፤ ግራና በሚባለው አካባቢ የብርቱካን ማሳ አላቸው፤ ግቢያቸው ከእኛ ግቢ ጋር በአንድ አጥር ይዋሰናል። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰፈሩም ቢሆን ሐጂ ብሎ ብቻ ነው የሚጠራቸው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ በቆዩባቸው ወራት መብራትም ስልክም አልነበረም። ከብዙ ቤት እቃ ወጥቷል። ከእሳቸው ቤት ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ አብረው ተወሰዱ፤ ጣሪያው ላይ ዲሹ ብቻ ቀረ። ከዚያ ብዙ ጊዜ ያለ ቴሌቪዥን ከቆዩ በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ሳውዲ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ገንዘብ ላከች። ከሀብሩ ወደ ሳውዲ የሄደው ሰው ብዙ ነው፤ አንዳንዱ በአውሮፕላን፣ አንዳንዱ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን በኩል። እሷ በየትኛው እንደሄደች ጠይቄ አላውቅም። ያን ጊዜ ብጠይቅ ኖሮ ገንዘቡን በሌላ ዓይን አየው ነበር እላለሁ። ላላየውም እችል ነበር።

ሐጂ የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። «አንተ ልጅ፣ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ፤ ሐረሙን የማይበት ይሁን። ልጄም ስትደውል ፊቷን ሰፋ አድርገህ አሳየኝ» አሉኝ። ከዚህ ይበልጥ ግልጽ የሆነ ትእዛዝ ከደንበኛ ሰምቼ አላውቅም።

ሐረሙን ለማየት ምን እንደሚያስፈልግ አውቅ ነበር። የሳውዲ የቁርኣን ጣቢያ ሐረሙን፣ የመካውን ታላቅ መስጊድ፣ ሌት ተቀን በቀጥታ ያሳያል፤ የሱና ጣቢያ የሚባለው ደግሞ የመዲናውን። ሁለቱም በዓረብሳትና በናይልሳት በነጻ ይገባሉ፤ ካርድ አይጠይቁ፣ ወርሃዊ ክፍያ አይጠይቁ፣ ኢንተርኔት አይጠይቁ። ሐጂም ድሮ የሚያዩት በዚሁ መንገድ ነበር። ጣቢያው የጠፋባቸው ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም ኤን ኤስ ኤስ 12 ወደተባለው ሳተላይት መሰባሰብ ሲጀምሩ በየቤቱ ዲሽ ዞረ። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው፤ አዲሱ ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ። ወደ ምዕራብ ያዘነበለው ዲሽ ሁሉ ወደ ምሥራቅ ፊቱን መለሰ። አንድ ቋሚ ዲሽ ሁለቱን አያይም፤ ስለዚህ የአገር ቤቱን ዜናና ድራማ ያገኘ ቤት የዓረብ ጣቢያዎቹን አጣ። የሐጂንም ዲሽ ወንዶች ልጆቻቸው አዞሩት። «መካ ጠፋብኝ» እያሉ ለወራት ሲናገሩ በአጥር በኩል ሰምቻለሁ።

መርሳና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ከዚህ ቂብላው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ በአየር ሲለካ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ። ሐጂ በቀን አምስት ጊዜ ወደዚያ ይዞራሉ። ሐጅ ያደረጉ ሰው ናቸውና በስክሪኑ የሚፈልጉት አንድ ጊዜ በእግራቸው የቆሙበትን ቦታ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ተጨማሪ ዲሽ፣ ኤል ኤን ቢ፣ ሪሲቨር፣ ጥቂት ሜትር ገመድና የሠራተኛ እጅ ነበር። ቴሌቪዥኑ ማንኛውም ተራ ቴሌቪዥን ቢሆን ይበቃቸው ነበር። ይህን አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ ለእናቴ ሲሆን አውቄዋለሁና። እናቴ ቅዳሴና ስብከት የምታይበትን ጣቢያ ያስገባሁላት በዲሽ ነው። በኢንተርኔት እይው አላልኳትም፤ ኔትወርክ እንደሚቆራረጥ፣ ፓኬጅ እንደሚያልቅ፣ ቅዳሴው መሐል ላይ ምስሉ ደርቆ ሲቀር እንደምትከፋ ስለማውቅ። ለእናቴ የማይሆነውን ለሐጂ ይሆናል ያልኩት ለምንድን ነው?

ለገንዘቡ ነው ብዬ ባልፍ ቀላል ነበር። ገንዘቡ አለበት። ለተራ ቴሌቪዥን የሚሰጠው ኮሚሽን ጥቂት ነው፤ «ስማርት» ከሆነና ከተለቀ ከፍ ይላል። ግን ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ውዱን ቴሌቪዥን አስገዝቼ ዲሹንም ያስተክሉ እላቸው ነበር፤ ሁለቱ አይጣሉም። ዲሹን ያላነሣሁት ዲሽ የሚተክለው ሌላ ልጅ ስለሆነ ነው። እሱ ጣሪያ ላይ ሆኖ ሲያስተካክል፣ ሐጂ ከታች ሆነው መካ መጣች ብለው ሲመርቁት ማየት አልፈለግሁም። ምርቃቱን ለብቻዬ ፈለግሁት። በኢንተርኔት የሚሠራ ቴሌቪዥን ሰፈሩ ውስጥ ያስገባ፣ ስልክ ላይ ያለውን ወደ ግድግዳ ያሻገረ ልጅ መባል ፈለግሁ።

ከዚህም በታች ለመጻፍ የሚከብደኝ አለ። የሐጂ ጥያቄ ለእኔ ትንሽ ጥያቄ ነበር። ቅዳሴው ሲቋረጥ እናቴ ላይ ምን እንደሚጎድል አውቃለሁ፤ ሐረሙ ሲቋረጥ ሐጂ ላይ የሚጎድለውን ግን የምስል መጥፋት አድርጌ ብቻ ቆጠርኩት። በዒድ ከእነሱ ቤት፣ በፋሲካ ከእኛ ቤት እየበላን ነው ያደግነው። በዚያን ሰሞን ብትጠይቁኝ እንደ አባቴ ነው የማያቸው እላችሁ ነበር፤ ስላችሁም ከልቤ ነበር። ከልቤ መሆኑ ነው ዛሬ የሚያስፈራኝ፤ ሰውን ከልብ እየወደዱ የሚወደውን ነገር መናቅ እንደሚቻል በራሴ አይቻለሁና።

ወልዲያ ሄድን። ሱቁን አልጠራም፤ ጥፋቱን ወደዚያ ላሸጋግር የምፈልግ ስለሚመስል። ያስመረጥኳቸው ቴሌቪዥን 43 ኢንች ነው፤ ካርቶኑ ላይ «4ኬ» እና «ስማርት» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል፤ ስሙን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ስለዚህ ነገር ሰው ሲጠይቀኝ አሳምሬ አስረዳለሁ። ስክሪን በነጥቦች የተሠራ ነው፤ ተራው ኤችዲ ወደ ጎን 1366፣ ወደ ታች 768 ነጥብ አለው፤ ፉል ኤችዲ 1920 በ1080፤ 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160። ካርቶን ላይ የሚጻፈው አንዳንዴ ስክሪኑ ያለው የነጥብ ብዛት ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ከውጭ ሊቀበል የሚችለው ምልክት ነው፤ አንዳንዴም ከሁለቱ አንዱም አይደለም። ማጣሪያው ከባድ አይደለም። አንድ ነጥብ ብቻ የሚወፍሩ መስመሮች ያሉበት የሙከራ ቪዲዮ በፍላሽ ከፍቶ ቀርቦ ማየት ነው፤ መስመሮቹ ተለያይተው ከታዩ እውነተኛ ነው፣ ተደባልቀው ግራጫ ከሆኑ አይደለም። ስማርትነቱም እንዲሁ ይጣራል። አንድሮይድን ማንም ፋብሪካ አንሥቶ ሊጭነው ይችላል፤ ጉግል ፈትሾ ያረጋገጠው ግን ሌላ ነው። ያልተረጋገጠው ላይ ዩቲዩብ ዛሬ ይከፈት ይሆናል፤ ነገ መተግበሪያው ሲታደስ አልከፍትም ሊል ይችላል። የቅንብር ገጹ ላይ የሚታየውን የአንድሮይድ ቁጥርም ፋብሪካው እንደፈለገ ሊጽፈው ይችላል።

የሙከራ ቪዲዮው ያለበት ፍላሽ ከቁልፌ ጋር ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ባወጣው ምን እንደሚያሳየኝ በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር፤ ያላወጣሁትም እንዳላውቅ ነው። ሱቁ ራሱ ያዘጋጀው የዓሣና የአበባ ቪዲዮ እየዞረ ነበር፤ እሱ በማንኛውም ስክሪን ላይ ያምራል። ሐጂ ጥቂት አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ይሻላል?» አሉ። «ይሻላል ሐጂ» አልኳቸው። የዚያ ዕለት ውሸቴ ይህች ናት። ሪሲቨር እንግዛ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ደግሞ አያስፈልግዎትም አልኩ።

ቤት ገብተን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ሲም የሚገባበት ራውተር አቆምኩና የሐረሙን ቀጥታ ሥርጭት በዩቲዩብ ከፈትኩ። ሐጂ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆሙ። ልጃቸውም በኢሞ ስትደውል ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት፤ የአባቷን ሳሎን እሷ፣ የእሷን ፊት እነሱ አዩ፤ ሴቶቹ አለቀሱ። ያን ቀን ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በከፊል ጥሩ ነበር፤ ይህን ክጄ ሁሉንም ጥቁር ባደርገው ያም ሌላ ውሸት ይሆናል።

ያልሠራሁት ስሌት ግን ነበር። ሐጂ የሐረሙን ሥርጭት ከሱብሒ ጀምሮ ክፍት ማድረግ ይወዳሉ። ዩቲዩብ ራሱ እንደሚለው፣ 480 የሚባለው መካከለኛ ጥራት በሰከንድ 1.1 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ ይህ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ቀንና ሌሊት ከተከፈተ በየቀኑ 12 ጊጋባይት ገደማ። ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 20 ሜጋቢት ይላል። ያንኑ ምስል ከሳተላይት የሚያይ ሰው የሚያወጣው የመብራት ብቻ ነው። ፓኬጁ የሚሞላው ከሳውዲ በሚላክ ገንዘብ ነበር፤ ካርድ ሲያልቅ ሐጂ እየከፈቱ መዝጋት፣ ለሶላት ሰዓት ብቻ መክፈት ለመዱ። እኔ ደግሞ ሐጂ እንዴት ቴክኖሎጂ ለመዱ እያልኩ አወራ ነበር።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በዚያው ሰሞን በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ እስኪመለስም አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። የሐጂ ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ዝም አለ። መብራት ነበረ፤ ዲሽ ያለው ቤት ሁሉ ያይ ነበር፤ እሳቸው ግን ሪሲቨር የላቸው፣ ወደ ዓረብሳት የዞረ ዲሽ የላቸው። ከልጃቸው ጋርም የሚገናኙት በተራ ስልክ ሆነ፤ ፊቷ ቀረ። ሴቶቹ በቴሌቪዥኑ ላይ አቧራ እንዳይገባበት ጥልፍ ጨርቅ ጣሉበት።

ሰው ሁሉ «ማን ያውቃል ነበር?» ይላል። እኔም እል ነበር። በከፊል እውነት ነው፤ አንድ ዓመት ይጠፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ግን ከሁለት ዓመት በፊት ስልክም መብራትም ጠፍቶ ለወራት የኖርን ሰዎች ነን። ኔትወርክ ሊቋረጥ እንደሚችል እዚህ አገር ላለ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ለእናቴ ዲሽ የመረጥኩትም ስለዚሁ ነው። የኢንተርኔቱ መቋረጥ ለብዙ ሰው መከራ ነበር፤ ነጋዴው ተጎድቷል፣ ተማሪው ተጎድቷል፣ እኔም ሥራዬ ቀዝቅዟል። በዚህ ሁሉ መሐል እኔን አንድ ቦታ ጠቅሞኛል፤ ጥፋቴን ሸፍኖልኛል። ቴሌቪዥኑ ለምን አይሠራም ሲባል መልሱ ዝግጁ ነበር።

በዚያ መሐል አንድ ቀን የሐጂ የልጅ ልጅ ፊልም በፍላሽ ጭኖ አመጣ። ድምፁ ይሰማል፣ ምስል የለም። ጠሩኝና ሄድኩ። ፋይሉ ኤች 265 በሚባለው መንገድ የተጨመቀ ነበር። በእውነት 4ኬ የሆነ የዘመኑ ቴሌቪዥን ይህን ለመክፈት አይቸገርም። ያኔ ኪሴ ውስጥ ያለው ፍላሽ ያሳየኝ የነበረውን ነገር አወቅሁ፤ በኋላ ስፈትሸውም ስክሪኑ 1366 በ768 ሆኖ ተገኘ። ለልጁ ግን «ፍላሹ ቫይረስ አለበት» አልኩት። ልጁ ፍላሹን ያስጫነበትን ቤት ሄዶ ተጣላ። ይህን ውሸት ከሌሎቹ ለይቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ምክንያቱም በእሱ የተነሣ በነገሩ የሌለበት ሰው ተወቅሷል።

ሌላም ማድረግ የምችለው ነበር። ቤት ውስጥ ቪዲዮ ለማሠራጨት ኢንተርኔት አያስፈልግም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጄሊፊን የመሰለ ነጻ ፕሮግራም ጭኖ ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ይበቃል፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው መንዙማ፣ የቁርኣን ቂራኣት፣ የልጆቻቸው ሠርግ ሁሉ በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል። ያን ፕሮግራም ቴሌቪዥኑ እንቢ ቢል እንኳ ተራ ፍላሽ ላይ በሚቀበለው መንገድ ገልብጦ መስጠት ይቻል ነበር። የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ላፕቶፕም ነበረኝ። ያልሠራሁት ሥራው ከብዶኝ ሳይሆን ያንን ሳሎን ስለሸሸሁት ነው፤ ቴሌቪዥኑን ላለማየት ስል ሰውየውንም ማየት ተውኩ።

በ2016 ዓ.ም. የዐረፋ ቀን ሰኔ 8 ላይ ዋለ። መንገድ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች አንዱ ጣሪያው ላይ ሁለት ዲሽ አለው፤ ከዐረፋ የሚተላለፈውን ኹጥባ ከፍተው ነበር። እዚያ ስደርስ ሐጂ ከወጣቶቹ ኋላ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ጾመኛ ናቸው፤ ያን ቀን ሐጅ ላይ ያልሆነ ሰው ይጾማልና። ሳይጠጡ ወንበር መያዙ አሳፍሯቸው ለአጠገባቸው ላሉት ልጆች የሻይ ከፍለዋል። ሲያዩኝ ሌላ ሰው ከመናገሩ በፊት ቀድመው ተናገሩ። «ይሄ ልጅ ለፍቶልኝ ነበር፤ ኔትወርኩ ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ!» አሉ፤ ለሰዎቹ ነው የሚናገሩት፤ ከዚያ ዱዓ አደረጉልኝ።

ያዘንኩ ይመስላችኋል። መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ስለ እኔ እሳቸው ራሳቸው መሰከሩልኝ፣ ከእንግዲህ ማንም አይጠይቀኝም ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው ውስጤ ሲያልፍ አየሁት፤ ያየሁት ጊዜ ነው ያደረግሁትን ያወቅሁት። ሽማግሌው በጾም አፋቸው በሰው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የእኔን ስም እየጠበቁ፣ እኔ ተረፍኩ ብዬ ተደሰትኩ። እስከዚያ ድረስ ጥፋቴ የተሳሳተ ምክር ይመስለኝ ነበር፤ ከእቃ ምርጫ ጋር የተያያዘ፣ ማንም ባለሙያ ሊሳሳተው የሚችል። በዚያ እፎይታ ውስጥ ግን የተሳሳተ ሰው አልነበረም፤ የተደበቀ ሰው ነበር።

በዚያው ቀን ነገርኳቸው ብል ደስ ባለኝ። አልነገርኳቸውም። የተናገርኩት ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ነው። በክረምቱ በክልሉ ከተሞች መመለስ ጀመረ፤ በተራው እኛም ጋ ደረሰ። ሐጂ ጨርቁን አስነሥተው አስከፈቱት፤ ዩቲዩብ ይህ መሣሪያ ከእንግዲህ አይደገፍም ብሎ ዘጋባቸው። ከዚያ በኋላ ነው የሄድኩት። ሕሊናዬ አሸንፎኝ ሄድኩ ለማለት እንዳልችል ያደረገኝ ይኸው ነው፤ ሕሊናዬ ከሰኔ ጀምሮ ያውቅ ነበር፤ ያስነሣኝ መደበቂያዬ ማለቁ ነው። ምናልባት ሁለቱም ናቸው። ሁለተኛው ባይኖር የመጀመሪያው ብቻውን ይበቃ እንደነበር ግን ማስረጃ የለኝም።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ዲሹን አውቄ እንዳላነሣሁት፣ ስክሪኑን ሳልፈትሽ እንዳስገዛኋቸው፣ የፍላሹን ውሸት፣ ኮሚሽኑን። «ስንት ሰጠህ?» አሉ። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ቀጥለው የጠየቁኝን አልጠበቅሁትም። «ልጄ ታውቃለች?» አሉ። አታውቅም አልኩ። «እኔ አፉ ብዬሃለሁ። ገንዘቡ ግን የእኔ አይደለም፤ የእሷ ላብ ነው። የእሷን ከእሷ ጠይቅ» አሉኝ።

ከዚያ በፊት እሷን አስቤያት አላውቅም። ከሰኔ ጀምሮ ሐጂን በደልኩ እያልኩ ስብሰለሰል፣ ያታለልኩት ሰው ሌላ እንደሆነ አላየሁም። ያ ቴሌቪዥን የሰው ቤት የተጠረገበት፣ የሰው ልጅ የታጠበበት ወራት ነው። ሐጂ በአጥር ማዶ ስላሉ ይከብዱኛል፤ እሷ ሩቅ ስለሆነች አትከብደኝም ነበር። በኢሞ የድምፅ መልእክት ላክሁላት። ለአባቷ የነገርኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነም የማውቀውን ያህል። መልእክቱን እንደሰማችው ስልኩ ያሳየኛል። መልስ አልሰጠችኝም፤ መስጠትም የለባትም። ከአባቷ ጋር ስትደውል እኔ እዚያ ብገኝ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ አታልፍም።

ኮሚሽኑን መለስኩ። ሐጂ በእጃቸው አልተቀበሉኝም፤ ለሚያስፈልገው አውለው አሉኝ። ዲሽ ከሚተክለው ልጅ ጋር ሄጄ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ፣ ኤል ኤን ቢና ሪሲቨር ገዛን፤ ጣሪያ ላይ የወጣው እሱ ነው። ዓረብሳት፣ 26 ዲግሪ ምሥራቅ፣ የቁርኣኑ ጣቢያ ገባ። ከሻጩ ለእኔ ተሰጥቶኝ የነበረው ገንዘብ ዲሹን፣ ሪሲቨሩንና የልጁን ዋጋ ከፍሎ ተርፏል። የተረፈውን ለልጅቷ ላክሁላት።

እኔን ይዛችሁ ወልዲያ ሄዳችሁ ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ ወይም ላፕቶፕ የገዛችሁ የመርሳ፣ የሲሪንቃና የውርጌሳ ሰዎች፣ ከብዙዎቻችሁ ላይ ኮሚሽን ተቀብያለሁ። ሱቄ ኑ፤ የተቀበልኩትን እነግራችኋለሁ፣ እመልሳለሁም። ቴሌቪዥናችሁን ቤታችሁ መጥቼ በፊታችሁ እፈትሸዋለሁ፤ ካርቶኑ ላይ ያለው ውሸት ሆኖ ከተገኘም ውሸት ነው እላችኋለሁ።